የውሃ ፓምፕ ለፈጣን መኪና

አቅራቢት፦ ኮሎምበስ ውስጥ ቱርቦ ያለው ሱባሩ ኤስቲአይ የሚነዱ ወጣቶች አሉን። ፓምፑ ማንጠባጠብ ሲጀምር «የውድድር» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ይግዙ?

አቅራቢ፦ ለመንገድ መኪና አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከ2004 እስከ 2021 እዚህ አሜሪካ የተሸጠው ኤስቲአይ ፓምፑን የሚያሽከረክርለት ታይሚንግ ቤልቱ ነው። የፓምፑ ኩሽኔታ ከነከሰ ቤልቱ ሊበጠስ ይችላል፤ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የማየው የኩሽኔታውንና የማሸጊያውን ጥራት ነው። ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ፓምፕማ በፍጹም!

አቅራቢት፦ ሌክሲንግተን ሄደው ሚድ ኦሃዮ የውድድር ሜዳ ላይ የሚነዱትስ?

አቅራቢ፦ እዚያ ጉዳዩ ይለያል። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ የፓምፑ ክንፍ ውሃው ውስጥ አረፋ ሊፈጥር ይችላል፤ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። የክንፉ ቅርጽ ቁም ነገር የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ግን እህቴ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ምርጡ ፓምፕም አያድንም። መጀመሪያ ክዳኑ ይፈተሽ።

አቅራቢት፦ ክረምቱንም አንርሳ።

አቅራቢ፦ ልክ ነሽ። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ሲቀላቀሉ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ በረዶ አይሆኑም፤ ለኦሃዮ ከበቂ በላይ ነው።

አቅራቢት፦ መቼ ይቀየር?

አቅራቢ፦ ቤልቱ በ105,000 ማይል ሲቀየር ፓምፑም አብሮ ይቀየር። ሞተሩ አንዴ ተከፍቷልና ሁለተኛ የእጅ ዋጋ አትክፈሉ።