የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ዕለታዊ ሥራና አገልግሎት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ዕለታዊ ሥራና አገልግሎት ነው። ይህን የሰማ ሰው፣ «መጽሐፍ ይገባል፣ መጽሐፍ ይወጣል፤ ከዚህ የበለጠ ምን የሚነገር አለው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከእኛ መካከል ፈተናውን የሚያልፉት ጥቂት ወራት ቈይተው ወደዚያ ቤት የሚገቡ ስለ ሆነ፣ ከመግባታቸው በፊት አሠራሩን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ። ወላጆቻችንም ልጆቻቸው ምን እንደሚጠብቃቸው ቢያውቁ መልካም ነው።

ነገሩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ከአርዲቦ ዳር ተነሥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ የገበሬ ልጅ የሚያስፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ ገዝቶ ሊማር አይችልም። አባቱ በሬ ቢሸጥለት እንኳ የሕክምና ወይም የምህንድስና መጻሕፍትን አያዳርስም። ይህ ልጅ ከባለጸጋ ልጅ ጋር እኩል የሚቆምበት ቦታ ቢኖር የቤተ መጻሕፍቱ ማዋሻ ጠረጴዛ ነው። በዚያ የሚጠየቀው የተማሪነት መታወቂያ እንጂ የአባት ሀብት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ እኩልነት የሚጠቅመው የቤቱን ሥርዓት ለሚያውቅ ነው። የማያውቅ ግን በብዙ ሺህ መጻሕፍት መካከል ቆሞ የፈለገውን ሳያገኝ ይመለሳል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ተፈልጎ የማይገኝ መጽሐፍ እንደሌለ ይቈጠራል። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከጧት እስከ ማታ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መጽሐፉ በተፈለገ ጊዜ እንዲገኝ የሚደረግ ድካም ነው።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከአርዲቦ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በሐይቅ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን የትምህርት ቦታ አድርገው ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ መጻሕፍትን እያሰባሰቡ ለገዳሙ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈው የእሳቸው ወንጌል ለገዳሙ የሰጧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ይዞ ተገኝቷል። ልብ በሉ፤ መጽሐፍ መስጠት ብቻ አልበቃም፤ የተሰጠው መጽሐፍ ስሙ ተጽፎ እንዲቈይ ተደርጓል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሠራው የመዝገብ ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው።

ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ይህ ወንጌል እንደ ገና ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲካሄድ፣ የሐይቁ ወንጌልም ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጠው ከባልደረቦቻቸው ጋር የእነዚህን ፊልሞች ካታሎግ ለብዙ ዓመታት አዘጋጅተዋል። ስለዚህ በሩቅ አገር ያለ ተመራማሪ ቁጥሩን ጠቅሶ የሐይቅን ወንጌል ሊያይ ይችላል። አንድ ቁጥር ይህን ያህል ኃይል አለው።

አሁን አንድ መጽሐፍ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ የሚያልፍበትን መንገድ እንከተል።

መጀመሪያ መምህራን ለትምህርታቸው የሚያስፈልገውን መጽሐፍ በዝርዝር ይጠይቃሉ፤ መጽሐፉም በግዢ ወይም በስጦታ ይመጣል። ሲመጣ ገጾቹ ሙሉ መሆናቸው ይታያል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይገባል። አምስት ቅጂ ቢመጣ አምስቱም ለየብቻ ቁጥር አላቸው። የጠፋው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመመደብ ሥራ ይከተላል። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው አመዳደብ ዕውቀትን ሁሉ በ10 ታላላቅ ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ አንዱ ተማሪ ስለ አርዲቦ ማጥናት ፈለገ እንበል። ስለ ሐይቆች ውሃ የሚናገረውን በ551 ሥር ያገኛል። ስለ ዓሣ ተፈጥሮ የሚናገረው በ597፣ ስለ ዓሣ ማስገር በ639፣ ስለ እርሻ በ630፣ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚናገረው ደግሞ በ963 ነው። እንግዲህ አንዱ ሐይቃችን በአምስት መደርደሪያ ተበትኖ ይገኛል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ አንዱን መደርደሪያ አይቶ «ስለ አርዲቦ የተጻፈ የለም» ብሎ ይሄዳል።

መጽሐፉ ከተመደበ በኋላ ቁጥሩ በጀርባው ላይ ተለጥፎ ዝርዝሩ በካታሎግ ይጻፋል። ካታሎግ ቀድሞ በትንንሽ መሳቢያዎች የተደረደረ ካርድ ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ በኮምፒዩተር ሆኗል። መጽሐፉ በጸሐፊው ስም፣ በርእሱና በጉዳዩ ሊፈለግ ይችላል። በዚህ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚነኩ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የስም ነገር ነው። ፈረንጅ በቤተሰቡ ስም ይመዘገባል። የእኛ ሰው ግን ሁለተኛው ስሙ የአባቱ ስም ስለ ሆነ በራሱ ስም መመዝገብ ይገባዋል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በ«ታደሰ» ይፈለጋሉ። ነገር ግን በውጭ አገር ካታሎግ አንዳንድ ጊዜ በ«ታምራት» ሥር ስለሚገኙ ሁለቱንም ማየት ብልህነት ነው።

ሁለተኛው የፊደል ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንግግር አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሐይቃችንን አንዱ «አርዲቦ»፣ ሌላው «ሐርዲቦ» ብሎ ይጽፈዋል። የአንዱን አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈውን ያጣል። ደግሞ «ሐይቅ» ብሎ ብቻ የፈለገ ጣናም ዝዋይም ይመጡበታል፤ ስለዚህ «ወሎ» ወይም «አምባሰል» የሚለውን መጨመር አለበት። ሠራተኞቹ በዚህ ነገር ይደክማሉ፤ ፈላጊውም መድከም አለበት።

አሁን ስለ አገልግሎቱ ልናገር።

1ኛ፣ የማዋስ አገልግሎት ነው። ተማሪው መታወቂያውን ሰጥቶ መጽሐፉን ለተወሰነ ቀን ይወስዳል፤ ቀኑ ሲያልፍ ይቀጣል። ትምህርቱን ሲጨርስም ክሊራንስ ለማስፈረም ከሚሄድባቸው ክፍሎች አንዱ ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ያልመለሰው መጽሐፍ ካለ አይፈረምለትም።

2ኛ፣ ብዙ ተማሪ የሚፈልገው፣ ቅጂው ግን ጥቂት የሆነ መጽሐፍ ለብቻው ይቀመጣል። ይህ ሪዘርቭ የሚባለው ነው። የሚሰጠው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሲሆን በአብዛኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይነበባል። አዲስ ተማሪ በዚህ ሲያማርር ይሰማል። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ለመቶ ተማሪ የሚዳረሰው ሰዓቱ ሲከበር ነው።

3ኛ፣ የሪፈረንስ ክፍል አለ። መዝገበ ቃላት፣ ካርታ፣ ኢንሳይክሎፔዲያና እነዚህን የመሳሰሉት በዚያው ይነበባሉ እንጂ አይወጡም። በዚያ የሚቀመጠው ሠራተኛ ዋና ሥራው ጥያቄ መቀበል ነው። ስለዚህ የገጠር ልጆች ነን ብለን አንፈር። የሚጠይቀው ሲጠፋ ያ ሰው ያለ ሥራ መቀመጡ ነው።

4ኛ፣ የመጽሔቶች ክፍል ነው። አዲስ ጥናት መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት በመጽሔት ይወጣል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ጎረቤታችን ስለ ሐይቅ ሁለት ጥናቶች ወጥተዋል። አንዱ የባክስተርና የጎሎቢች ሲሆን ስለ ውሃው ጠባይ ይናገራል። ሁለተኛው ታደሰ ታምራት ስለ ገዳሙ አበምኔቶች የጻፉት ነው፤ ይህም በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ታተመ። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ ሲሆን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን በማሰባሰብ የታወቀ ነው።

5ኛ፣ የተመራቂዎች ጥናት የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ተማሪዎች ለዲግሪ የሚጽፉት ጥናት አንድ ቅጂ በዚያ ይቀራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉትን ጥናቶች በኢንተርኔትም ያቀርባል።

ከአንባቢ ዓይን የተሰወረም ሥራ አለ። ተነበው በጠረጴዛ ላይ የቀሩት መጻሕፍት በየቁጥራቸው ወደ መደርደሪያው ይመለሳሉ። የተቀደደው ይጠገናል፤ የላላው ይጠረዛል። በየጊዜውም መጻሕፍቱ ከመዝገቡ ጋር እየተነጻጸሩ ይቈጠራሉ። አንድ መጽሐፍ በስሕተት ከቦታው ሁለት መደርደሪያ ቢርቅ፣ ሳይሰረቅ ጠፍቷል ማለት ነው። አንዳንድ ተማሪ ለፈተና ብቻውን ሊያነበው ፈልጎ መጽሐፉን ሆን ብሎ በሌላ መደርደሪያ ይደብቃል፤ ሌላው ደግሞ ገጹን ቀድዶ ይወስዳል። እነዚህ ሁለቱ የጓደኞቻቸውን እንጀራ እንደ ነጠቁ ይቈጠራሉ።

የመዝገብን ጥቅም እኛ የወሎ ልጆች ከማንም ይበልጥ ልናውቅ ይገባናል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ጊዜ ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ጠፋ የሚመሰክረው መዝገብ ነው። መዝገብ ካለ የጠፋውን መጠየቅና መተካት ይቻላል። መዝገብ ከሌለ ግን ጉዳቱ እንኳ በውል አይታወቅም። ስለዚህ ቁጥር የሚለጥፈውንና ዝርዝር የሚጽፈውን ሠራተኛ ሥራው ትንሽ ነው ብለን አንናቀው።

ታናሽ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበረው አንድ የመጽሐፍ ሣጥን ብቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ መምህራችን ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ፤ መጽሐፍ የወሰደ ልጅ ስሙን ይጽፋል፣ ሲመልስ ይሰረዝለታል። ደብተሩ በመስመር የተከፈለ ተራ ደብተር ነበር። አሁን ሳስበው ግን የታላቁ ቤት ሥራ በዚያ ሣጥን ላይም ይሠራ ነበር፤ የሚለየው በብዛት ብቻ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ሁለት ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

የመጀመሪያው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሂዱ። ፈተና ሲደርስ ደብተር ይዞ ለመቀመጥ ብቻ የሚሄድ ተማሪ ከቤቱ ያገኘው ወንበርና መብራት ነው። በካታሎጉ መፈለግን ተለማመዱ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ የወሰዳችሁትን በቀኑ መልሱ። አንባቢ መጽሐፉን በጊዜው ሲመልስ እሱ ራሱ ከቤቱ ሠራተኞች እንደ አንዱ ነው።

ሁለተኛው፣ ስለ አገራችሁ የተጻፈውን ፈልጉ። ከአርዲቦ ውሃ ገበሬው ያጠጣል፣ ዓሣ አስጋሪው ይኖርበታል፤ ከሱ የሚተርፈውም ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ስለዚህ የውሃው ነገር የሁለቱም ሐይቆች ሰዎች ጉዳይ ነው። የተማሩ ሰዎች መጥተው ስለ እነዚህ ውሆች አጥንተዋል፤ ጥናታቸው ግን በሩቅ ከተማ በመደርደሪያ ላይ ነው። አብዛኛውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ በውሃው የሚኖሩት አባቶቻችን አላነበቡትም። ይህን አንብቦ፣ በአማርኛ አስረድቶ፣ በእሑድ የዕድር ስብሰባ ላይ ለአባቶቹ የሚነግር ልጅ ከመካከላችን ቢወጣ፣ ያ መጽሐፍ በእውነት አንባቢውን አገኘ ማለት ይቻላል።

ወላጆቻችንም፣ ልጃችሁ ለዕረፍት ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት። «ምን አነበብህ? ስለ እኛስ ምን ተጽፎ አገኘህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ጥያቄ በቤት የሚጠብቀው መሆኑን ያወቀ ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መሄዱ አይቀርም።