ስለ አረጋውያን የአእምሮ ድካምና ስለ አስታማሚዎቻቸው የተደረገ ንግግር



በኢትዮጵያ ሰው ሸምግሎ መርሳት ሲያበዛ ጃጀ ይባላል። ጃጀ ከተባለም በኋላ ነገሩ ሁሉ እንደ ሳቅ ይቈጠራል፤ ምክር አይጠየቅም፥ ልቅሶ ቤት አይወሰድም፥ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ቃሉ አጭር ነው፤ ነገር ግን ደዌን ከሽምግልና ጋራ አንድ አድርጎ ስለሚሸፍን ብዙ ጥፋት አድርጓል። ዘጠና ዓመት አልፎት ዳዊቱን ሳይሳሳት የሚደግም አረጋዊ አለና ሽምግልና ራሱ ደዌ አይደለም። መነጽሩን ያኖረበትን የረሳ ሰውና መነጽር ለምን እንደሚያገለግል የረሳ ሰውም አንድ አይደሉም።

ሐኪሞች ይህን ደዌ ዲሜንሺያ ይሉታል። ከዓይነቶቹ የሚበዛው አልዛይመር ነው፤ ይህም የጀርመን ሐኪም የአሎይስ አልዛይመር ስም ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1901 አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት በፍራንክፈርት ከተማ ሐኪም ቤት ገባች፤ ስሟን መጻፍ ተስኗት ራሷን እንዳጣች ትናገር ነበር። በ1906 በሞተች ጊዜ ሐኪሙ አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ቢመረምር የተጠራቀመ ጕድፍና የተቈላለፈ ክር የሚመስል ነገር አገኘ። እንግዲህ ኩላሊት እንደሚታመም አንጎልም ይታመማል ማለት ነው፤ መተትም ቡዳም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ደዌ እንደ ነበረባቸው፥ ከነዚህም የሚበዙት ባለጠጎች ባልሆኑ አገሮች እንደሚኖሩ ገልጿል። የፈረንጅ በሽታ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

ወደ መጋላ እንመለስ። ድሬዳዋ በ1895 ዓመተ ምሕረት ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናትና፥ በዚህ ሰፈር ከሚጦሩት አረጋውያን መካከል በባቡር ሥራ ያረጁ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ሰው ደዌው ሲጸናበት የትናንቱን ምሳ ይረሳል፤ የአርባ ዓመት የሥራ ሰዓቱን ግን አይረሳም። ሌሊት ተነሥቶ ይለብሳል፤ «ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው» እያለም በሩን ይመታል። በሩ ክፍት ቢሆን ከመጋላ ወደ ከዚራ ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ደቻቱን ያሻግራል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓመተ ምሕረት ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው እንደ ገደለ ከሕሙማኑ በቀር የረሳ የለም።

ልጁ ከእንቅልፉ ተነሥቶ «አባባ፥ ጡረታ ከወጡ ሃያ ዓመት አለፈ» ቢለው ሽማግሌው ይቈጣል፤ ልጁንም እንደ ሌባ ያየዋል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሰሙን ይዞ አይከራከርም፤ ወርቁን ይፈልጋል። የሽማግሌው ነገር ሰሙ ባቡር ነው፤ ወርቁ ግን «ሥራ ፈት አይደለሁም፥ የሚጠብቁኝ አሉ» የሚል ነው። ሐሰት መናገር ኀጢአት ነውና ለታመመው ምን ይባላል ብሎ የሚጨነቅ ምእመን ቢኖር ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ሐሰት ሳይናገሩ ክርክርን መተው ይቻላል። «እስኪነጋ ይቀመጡ፤ ሻይ ይጠጡ፤ መጀመሪያ ሥራ የገቡበትን ቀን ይንገሩኝ» ማለት ምንም ሐሰት የለበትም።

በዚህች ከተማ ደግሞ አንድ ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ሶማልኛም ሐረሪኛም ሊያውቅ ይችላል። ደዌው በኋላ የተማረውን አስቀድሞ ሊወስድ ይችላልና፥ እናት በአማርኛ መመለስ ብታቆም በልጅነቷ ቋንቋ ይሞከር። ዜማም እንዲሁ ቶሎ አይጠፋም፤ የልጇን ስም የረሳች እናት መዝሙሩን ከሕዝቡ ጋራ ስትቀበል ትገኛለች። በቅዳሴ መካከል ድምፅ ብታሰማ ከደጀ ሰላም አትባረር።

መናወዙ በአንድ ወይም በሁለት ቀን በድንገት የመጣ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ማጣት፥ ትኩሳት፥ የሽንት ሕመም አረጋዊን ያናውዛልና ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፥ የቪታሚን ጉድለት፥ ጽኑ ሐዘንም ይህን ደዌ ይመስላሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው የደም ግፊቱንና የስኳሩን መድኃኒት አይተው፤ ሁለቱም ሕመሞች ሳይታከሙ ሲቀሩ አንጎልን ይጐዳሉ። አልዛይመርን ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መጽሐፈ ሲራክ በሦስተኛው ምዕራፍ ልጅ ያረጀ አባቱን እንዲረዳ ካዘዘ በኋላ፥ አባቱ ማስተዋል ቢያጣ እንኳ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ጨምሮ ያዝዛል። ጸሐፊው ይህን ደዌ በዓይኑ ያየ ይመስላል። ትእዛዙ ለልጆች ሁሉ ሆኖ ሳለ በየቤቱ ሸክሙ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ነው። ወንድሞች ከሩቅ ገንዘብ ይልካሉ፤ ለበዓል መጥተውም ምክር ይሰጣሉ። ገንዘቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ሌሊት አይነቃም። የኖኅ ሁለት ልጆች ልብሱን በጫንቃቸው ይዘው ወደ ኋላ የሄዱት ሁለት ሆነው ነበር፤ አባትን አጥቦ ማልበስም የሁለት ሰው ሥራ ነው።

ዕድርተኛው ለሞተ ሰው ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ከሆነ፥ በሕይወት ላለች አስታማሚ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተራ ገብቶ ከሽማግሌው ጋራ መቀመጥ አይከብደውም። እርሷም ትተኛለች፥ ገበያዋን ትሄዳለች፥ ታስቀድሳለች። በመጋላ ገበያ ሱቅ ያላቸው፥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ጎረቤቶች፥ የሽማግሌውን መልክና ስም አስቀድመው ይወቁ፤ በኪሱም የልጁ ስልክ ቍጥር በወረቀት ተጽፎ ይሰፋለት።