ዙፋን ችሎትና የእኛ አቤቱታ

(ጅዳ ለሚኖሩ የቤት ሠራተኛ እህቶች ከተደረገ ንግግር)

ዛሬ ፈቃድ አግኝታችሁ የመጣችሁትንም፣ ማዳም አላስወጣም ብላ ቤት የቀራችሁትንና ይህንን ፎቶኮፒ ከጓደኛ ተቀብላችሁ የምታነቡትንም ሰላም እላለሁ። መካ ለምትሠሩ ሙስሊም እህቶቻችንም ወረቀቱ እየደረሰ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ የዛሬው ነገር የእናንተንም ከተማ ይነካል።

ለዚህ ንግግር ያነሣሣችኝ አንዲት ልጅ ናት። የስምንት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ከሰሰች። ስትጠራ ሄደች፤ ዓረብኛውን ሳታነብ አንድ ወረቀት ላይ ፈረመች። ወረቀቱ «ገንዘቤን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ኖሯል። ይህን ስነግራት ብዙም አልደነገጠችም። «እትዬ፣ ከላይ ትልቁ ፍርድ ቤት አለ አይደል? እዚያ ስደርስ ሁሉን እናገራለሁ» አለችኝ።

ያን ጊዜ አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች። በርስት ነገር ከባሏ ወንድም ጋር ተካሰሰች። ከወረዳ አውራጃ፣ ከአውራጃ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፤ እንዲህ እያለች አዲስ አበባ ደረሰች። ያ ሁሉ አልበቃትም፤ ጃንሆይ ፊት ካልቆምኩ አለች። በዚያ ዘመን የመጨረሻው ዳኛ ንጉሡ ነበሩ። ችሎታቸው ዙፋን ችሎት ይባላል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቶችን በሕግ ካቋቋመ በኋላ እንኳ በሩ አልተዘጋም፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለጃንሆይ ችሎት ማመልከት እንደሚችል ጽፎ ትቶታል።

በጥንቱ ልማድ ከንጉሡ በታች የሚፈርደው ትልቁ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ነው፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። ምኒልክ በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር ያደረጉት አፈ ንጉሥ ነሲቡን ነበር። ከዚያም በፊት ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ አንድ ላይ ታስሮ፣ ቁራኛ ሆነው፣ ከዳኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አስቡት፣ ከጠላትሽ ጋር በአንድ ነጠላ ታስረሽ የሁለት ቀን መንገድ!

ሰውም በንጉሡ መንገድ ላይ ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። ቃሉን ልብ በሉት። እኛ ስንጠራ የምንመልሰው «አቤት» እና አቤቱታ አንድ ቃል ነው። እዚህ ጅዳ ግን ቀኑን ሙሉ «ነዓም፣ ነዓም» እያልን የራሳችንን አቤት ረስተነዋል መሰለኝ።

የመጨረሻው ችሎት ሥራው ምንድን ነው? ለዚህ ከመካ የመጣ ነገር አለላችሁ። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ615 ገደማ መካ ውስጥ የተሳደዱ ሰዎች ከዚህ ከጅዳ በስተደቡብ ካለው ከሹዐይባ ጠረፍ ተሳፍረው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ቁረይሾች እንዲመለሱላቸው ዐምር ኢብን አል-ዓስንና አንድ ጓደኛውን ላኩ። መልእክተኞቹ የመካ ቆዳ ገጸ በረከት አድርገው መጀመሪያ ለንጉሡ ሹማምንት ሰጡ። ሹማምንቱም ሰዎቹ ሳይጠየቁ ይሰጡ ብለው መከሩ። ነጃሺ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። ስደተኞቹን አስጠራ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተነሥቶ ስለሁሉም ተናገረ። ንጉሡ ከሰማ በኋላ ገጸ በረከቱን መለሰ፣ ሰዎቹንም አስቀረ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ይህን ታሪክ ስሰማ እኮራለሁ። ከታች ያሉት ስጦታ ሲቀበሉ ከላይ ያለው ጆሮ ካልተሸጠ፣ የመጨረሻ ችሎት ማለት ይኸው ነው።

ጃዕፈር ግን ሲጠራ ዝም አላለም። ነገሩን አደራጅቶ ተናገረ። እንግዲህ ወደ አያቴ ልመለስ።

ብዙ ወራት በር ላይ ቆማ፣ አመልክታ፣ ተፈቀደላትና ቀረበች። ያዘጋጀችውን ሁሉ ልትናገር ስትል መዝገቡ ተነበበ። በታች ፍርድ ቤት ሳለች «ታርቄያለሁ» ብላ ጣቷን አስፍራ ኖሯል። ምን እንደፈረመች አላወቀችም ነበር። ዙፋን ችሎት ከሕጉ ፊደል ወጥቶ በርኅራኄ የመፍረድ ሥልጣን ስለነበረው አዘኑላት፤ ጉዳዩ ወደ ታች ተመልሶ እንዲታይ ታዘዘ። ወደ ታች! ስትመለስ ከምስክሮቿ ሁለቱ ሞተዋል። የርስቱን እኩሌታ አገኘች። በሬዎቿን ግን ለስንቅ ሸጣቸው ነበር።

ያ ችሎት በአንድ ሰው ጆሮ ላይ የቆመ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ችሎቱም አብሮ ቀረ። ዛሬ አገራችን ውስጥ የመጨረሻው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው፤ በ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80 ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን ነው። ምስክር እንደገና አይሰማም፣ አዲስ ታሪክ አይቀበልም። እዚህ ሳዑዲም ሪያድ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ እርሱም ከታች በተጻፈው ላይ ነው የሚሠራው። አንዳንዶቻችሁ «ዲዋን አል-መዛሊም እንሄዳለን» ስትሉ እሰማለሁ። እርሱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የሚቀርብ ክስ የሚታይበት ነው፤ ከፊላችሁን የምትከሱበት አይደለም። የእኛ የደመወዝ ነገር የሚጀምረው መክተብ አል-ዐመል ነው።

ስለዚህ እዚያ ስትጠሩ አስተርጓሚ ጠይቁ። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ከተቆጡም ይቆጡ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ውሳኔ ሲሰጣችሁ የይግባኙ ቀን መቼ እንደሚያልቅ በዚያው ዕለት ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ ከላይ ያለው በር አይከፈትም። ደመወዝ በባንክ ይግባልኝ ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ባንክ የማይረሳ ምስክር ነው።

ያቺ ልጅ ነገሯ ገና አላለቀም። የባንኳን ወረቀት አውጥታለች፣ ስምንቱም ወር ባዶ ነው። ፊርማዋ ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ አለ፤ እርሱን ለማፍረስ አሁን እየተንከራተተች ነው። በሚቀጥለው ስንገናኝ ኮንትራትና ማንኛውንም የፈረማችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ዓረብኛ የምታነብ እህት ትመጣለች፣ አንድ በአንድ ታነብላችኋለች።