ባለጸጎች ሲዋዋሉ የድኻው ጥጥ ምን ይሆናል?



ሁለት ባለጸጋ መንግሥታት ስለ ንግድ ተነጋግረው ሲስማሙ ወሬው ለሁሉም መልካም መስሎ ይሰማል። ከጠብ ስምምነት ይሻላልና ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ውል በተጻፈ ጊዜ ሊመረመር የሚገባው ማን እንደ ፈረመበት ብቻ አይደለም፤ ሳይጠራ ዕዳው የሚደርስበት ማን እንደ ሆነም ጭምር ነው። እኔም ዛሬ ነገሩን በጥጥ አስረዳለሁ፤ ጥጥ በፈታዩና በሸማኔው ዘንድ ለእኛ የታወቀ ነውና ለመከተል አያስቸግርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1986 በኡራጓይ አገር በፑንታ ዴል ኤስቴ ከተማ የዓለም የንግድ ድርድር ተከፈተ። ድርድሩ የብዙ መንግሥታት ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1990 በብራስልስ ጉባኤ በእርሻ ጕዳይ ላይ ተሰናከለ። የተሰናከለውም አሜሪካና የአውሮፓ ማኅበር ለየገበሬዎቻቸው በሚሰጡት ድጐማ ምክንያት ስላልተስማሙ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። በኅዳር ወር 1992 የሁለቱ ወገኖች መልእክተኞች በዋሽንግተን፣ ከኋይት ሀውስ ፊት ለፊት በሚገኘው ብሌር ሀውስ በተባለው የመንግሥት እንግዶች ማረፊያ ቤት ክርክራቸውን እርስ በርሳቸው ጨረሱ። በዚያ ቤት የተቈረጠው ነገር ጥቂት ማሻሻያ ተደርጎበት በሚያዝያ 1994 በማራኬሽ በተፈረመው ስምምነት ውስጥ ገባ፤ ከ1995 መጀመሪያም አንሥቶ የዓለም የንግድ ድርጅት ሕግ ሆነ።

ባለጸጎቹ ድጐማቸውን አላስቀሩም። የተስማሙት በ6 ዓመት ውስጥ የአገር ውስጡን ድጐማ በጠቅላላው ከመቶ 20፣ በድጐማ ወደ ውጭ የሚላከውን የእርሻ ምርት መጠን ደግሞ ከመቶ 21 ለመቀነስ ነው። የአገር ውስጡ ቅናሽ የሚቈጠረውም ድጐማው ከፍ ብሎ ከነበረበት ከ1986 እስከ 1988 ካለው ጊዜ ነበር። በመሥሪያ ቤታችሁ የውል ረቂቅ የምትመረምሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ የውል ኀይል ብዙውን ጊዜ ያለው በትርጓሜው ክፍል ነው። እዚህም እንዲሁ ሆነ፤ የሚታረሰውን መሬት ለመወሰን ተብሎ ለገበሬው የሚሰጥ ገንዘብ ከሚቀነሰው ሒሳብ ውጭ እንዲሆን ተደረገ። ከዚህም ሌላ በስምምነቱ ወሰን ውስጥ ያለ ድጐማ እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ እንዳይከሰስ የሚከላከል አንድ አንቀጽ ተጨመረ። «የሰላም አንቀጽ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልድ ሳይወድ አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ጥጡ እንመለስ። በ2001ና በ2002 መካከል ባለው የምርት ዘመን የጥጥ ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ ሄዶ በአማካይ ለአንድ ፓውንድ ወደ 42 የአሜሪካ ሳንቲም ደረሰ። ዋጋ ሲወድቅ ገበሬ እርሻውን ያሳንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስም ዋጋው ይመለሳል፤ የገበያ ሥርዐት ይህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ግን በዚያው ዘመን ለጥጥ ገበሬዎቹ በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይከፍል ስለ ነበር፣ የቴክሳስ ገበሬ እርሻውን የሚያሳንስበት ምክንያት አልነበረውም። ምርቱም ወደ ውጭ እየጐረፈ ገበያውን አጠገበው። በቡርኪና ፋሶ ወይም በማሊ ጥቂት ሄክታር በበሬ የሚያርሰው ገበሬ ከአሜሪካዊው ባነሰ ወጪ ጥጥ ያወጣል፤ ይሁን እንጂ የወደቀው ዋጋ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ቀረ፤ የሚክሰው መንግሥት የለውምና። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በጥጥ የሚተዳደረው ሕዝብ 10 ሚሊዮን ያህል ይገመት ነበር።

ስለዚህ ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ማሊና ቻድ ተባብረው በ2003 አቤቱታቸውን ለድርጅቱ አቀረቡ፤ የቡርኪና ፋሶው ፕሬዚዳንት ብሌዝ ኮምፓዎሬም ራሳቸው ወደ ጄኔቫ ሄደው በሰኔ ወር ተናገሩ። በመስከረም በካንኩን በተደረገው ጉባኤ የቀረበላቸው ረቂቅ ግን በጥጥ የሚተዳደሩ አገሮች ወደ ሌላ ሥራ እንዲዞሩ ዕርዳታ ይፈለግላቸው የሚል ነበር። ድጐማው እንዲቀር የጠየቀ ሰው ሙያህን ለውጥ መባሉ ነው! ጉባኤውም ያለ ስምምነት ተበተነ።

አቤቱታውን በክስ የቀጠለችው ብራዚል ናት። በ2002 የከሰሰች ሲሆን፣ የሰላሙ አንቀጽም ሳያድናት አሜሪካ በ2005 በይግባኝ ተረታች። ቤኒንና ቻድ በዚህ ክርክር በሦስተኛ ወገንነት ቆመው ነበር። ነገሩ የተዘጋው ግን እንደ ገና በሁለት ታላላቆች መካከል ነው። አሜሪካ በ2010 ድጐማዋን እንዳለ ትታ ለብራዚል የጥጥ ገንዘብ ቤት በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ በ2014ም 300 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ሰጥታ ጕዳዩን አስዘጋች። ከዚያ ገንዘብ ለአፍሪካ ጥጥ ትብብር እንዲውል መፈቀዱ አይካድም፤ ሆኖም ቤኒንና ቻድ ካሣ አልተቈረጠላቸውም።

በእውነት ለመፍረድ፣ ለጥጡ ዋጋ መውደቅ ድጐማ ብቻውን ምክንያት አልነበረም። ከጥጥ ጋር የሚወዳደረው ሰው ሠራሽ ክር ገበያውን ያጠብበዋል፤ በአፍሪካም ውስጥ የመዳመጫ ድርጅቶች ለገበሬው የሚከፍሉት ዋጋ ትንሽ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበር። ቻይናም ለጥጥ ገበሬዎቿ ብዙ ገንዘብ የሰጠችበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ሳይመዝኑ በደሉን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት ለአቤት ባዩም አይጠቅመውም።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ኢትዮጵያ በ2003 የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ስታመለክት፣ የተጠየቀችው ብሌር ሀውስ የተወለደውን ሕግ አስቀድሞ እንደ ተጻፈ ለመቀበል ምን ያህል እንደምትችል ነው። አዲስ ገቢ ስለ ራሱ ግዴታ ይደራደራል እንጂ የሕጉን ቃል አይለውጥም። ጥያቄው የሚመለሰውም በመሥሪያ ቤቶቻችን ጠረጴዛ ላይ፣ በእያንዳንዱ የቀረጥ ቍጥር አንጻር ነው፤ በዚያ የሚሠራው ጸሓፊ የትርጓሜውን ክፍል ከዋናው ቃል ይልቅ ደጋግሞ ቢያነብ ጊዜውን አላባከነም።

በታኅሣሥ 2015 በናይሮቢ በተደረገው ጉባኤ ባለጸጎቹ አገሮች ለውጭ ንግድ በቀጥታ የሚሰጡትን የእርሻ ድጐማ እንዲያስቀሩ ተወሰነ፤ ጥጥም በዚህ ውስጥ ገባ። አራቱ አገሮች ከ12 ዓመት በፊት የከሰሱበት የአገር ውስጥ ድጐማ ግን ሳይወሰንበት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።