መኪናዋን ብቻ ሳይሆን ወጪዋንም ጠይቁ
በማኅበረሰባችን ሬዲዮ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር

 

የዛሬው ንግግሬ ስለ መኪና ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ስለ መኪና ምን አገባት ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ነው። ዕዳ አስጨንቋቸው ወደ ቢሮዬ ከሚመጡ ቤተሰቦች ከብዙዎቹ ጋር ቁጭ ብለን ወረቀታቸውን ስናገላብጥ፣ ከመካከሉ አንዲት መኪና እናገኛለን። መኪና መግዛት ጥፋት ሆኖ አይደለም። ሲገዙ የጠየቁት ስለ መኪናዋ ብቻ ስለነበረ ነው።

መኪና እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ። እዚህ ቤኤር ሼባ፣ ሽኩና ኣሌፍ ውስጥ የሚኖር አባት የሌሊት ሥራ ሲወጣ አውቶቡስ አያገኝም። ለቅሶ ነታንያ ይሆናል፤ ሠርጉ ረሖቮት፤ ታማሚዋ አክስት ኪርያት ጋት። አምስት ልጆች ይዞ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ አውቶቡስ መዘዋወር ምን ያህል እንደሚያደክም ነጋሪ አያሻችሁም። ስለዚህ “አትግዙ” ልላችሁ አልመጣሁም። “ጠይቃችሁ ግዙ” ልላችሁ ነው።

አባቴ በጎንደር ገጠር በሬ ሲገዛ የሻጩን ምስጋና ሰምቶ ገንዘቡን አያወጣም ነበር። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል። ከዚያም የሻጩን ጎረቤት ፈልጎ “ይህ በሬ ሲጠመድ እንዴት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። እዚህ አገር መጥተን በብዙ ሺህ ሰቅል መኪና ስንገዛ ግን ያ ብልሃት የት ጠፋ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ብልሃቱ ያው ነው፤ የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው የተለየው።

በዚህ ወር፣ ያገለገለች ጂፖን የገዙ የሠፈራችንን ሰዎች አስተያየት ጠይቄ ነበር። ጂፖን የምንላት ከተራ የቤት መኪና ከፍ ያለች፣ ከእውነተኛ ጂፕ ግን ያነሰች የቤተሰብ መኪና ናት፤ ክሮስኦቨርም ይሏታል። ኪያ ስፖርቴጅ፣ ሃዩንዳይ ቱሳን፣ ኒሳን ቃሽቃይ፣ ሚትሱቢሺ አውትላንደር የመሳሰሉት በየመንገዱ የምታዩአቸው ናቸው። የሦስት ባለቤቶችን ቃል ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው የስድስት ልጆች አባት ነው። ባለ ሰባት መቀመጫ ገዛ። “ደስ ብሎኛል፤ ቤተሰቤ በአንድ መኪና ይሄዳል” ይላል። ከዚያ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ “የኋለኛው ወንበር ለልጅ እንጂ ለትልቅ ሰው አይሆንም። ሰባት ሰው ስንቀመጥ ደግሞ የዕቃ ቦታ የለም፤ እኛም በቤት ስምንት ነን።” ይህን ልብ በሉ። በመኪናው ፈቃድ፣ በርሽዮን ላይ፣ የመቀመጫው ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ በላይ ሰው መጫን በሕግ ክልክል ነው፤ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ቀበቶ ያልደረሰው ልጅ ነው የሚጎዳው። ሦስት የሕፃናት ወንበር ያላችሁ እናቶች፣ ለማየት ስትሄዱ ወንበሮቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን ይግቡ አይግቡ እዚያው ሞክሩ። ከውጭ ትልቅ የምትመስል ጂፖን ከውስጥ ጠባብ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛዋ የምትሠራው በሆስፒታል ነው፤ ሂብሪድ ገዛች፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ማለት ነው። “ለቤንዚን የማወጣው ቀነሰልኝ” ትላለች። እውነቷን ነው፤ እሷ የምትነዳው በከተማ ውስጥ፣ ቆም ሄድ እያለች ነው። የሂብሪድ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። በየቀኑ በረጅም አውራ ጎዳና ወደ ቴል አቪቭ የሚመላለስ ሰው ያን ያህል ቁጠባ አያገኝም። አያችሁ፣ የባለቤት አስተያየት የሚጠቅመው ኑሮው ኑሯችሁን ሲመስል ነው። ስለዚህ “ጥሩ ናት?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ “የት ትነዳታለህ? ስንት ሰው ትጭናለህ?” በሉ። ሂብሪድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የትልቁ ባትሪ ዋስትና እስከ መቼ እንደሆነ በጽሑፍ እዩ።

ሦስተኛው ከጦር ሠራዊት የተመለሰ ወጣት ነው። መልኳ ማርኮት ገዛ። “ከፍ ብላ ስትታይ አራቱም ጎማዋ የሚስብ መስሎኝ ነበር” አለ። አብዛኞቹ ጂፖኖች የሚስቡት በሁለት ጎማ ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር ማርሹ ተበላሸ። አውቶማቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተራው አውቶማቲክ አለ፣ ጊር ራጺፍ የሚሉት አለ፣ ሮቦቲ የሚሉት አለ። ጠባያቸውም የጥገና ወጪያቸውም ይለያያል። ስለዚህ የማርሹን ዓይነት፣ ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ ጠይቁ፤ “ተለውጧል” የሚለውን ቃል ሳይሆን የሞሳኹን ደረሰኝ እዩ። ደረሰኙን የጠበቀ ባለቤት መኪናዋንም የጠበቀ ነው።

አሁን ደግሞ ሻጩን የምትጠይቁት። ስንተኛ እጅ ናት? ከማን ወጣች? የግል ነበረች፣ የሊሲንግ ኩባንያ፣ የኪራይ ወይስ ታክሲ? የሊሲንግ መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ነገር ግን ጥገናዋ ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ይደረጋል። የኪራይ መኪና በብዙ እጅ ያለፈች ስለሆነች ዋጋዋ መቀነስ አለበት። ሰው ሁሉ ዋጋ የሚያመሳክርበት የሌቪ ይጽሐቅ መሒሮን ለእጅ ቁጥር፣ ለኪሎ ሜትርና ለቀድሞ ባለቤት ዓይነት ከዋጋው ይቀንሳል። በዓመታዊው ቴስት ጊዜ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይመዘገባል፤ ከመኪናዋ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ያገለገለ መኪና ሽያጭ ሕግ የመኪናዋ እውነተኛ ሁኔታ ለገዢ እንዲገለጥ ይጠይቃል። ስለዚህ መጠየቃችሁ ነውር አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

ከዚያም ወደ መርመሪያ ቦታ፣ ወደ መሖን ብዲቃ ውሰዷት። መሖኑን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ እንጂ ሻጩ አይሁን። ከሁሉ በፊት የመኪናዋ አጥንት፣ ሺልዳ የሚሉት፣ ተመትቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። እኛ የምንኖረው በነጌቭ ነው። ፀሐይዋ ባትሪ ትገድላለች፤ ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ክፍል ታደክማለች። መኪናዋን በማለዳ ሳይሆን በቀትር እዩአት፤ ማዝጋኑን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ንዱ። “ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው፣ ምርመራ አያስፈልግም” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ለዚያ ለሌላው ገዢ ተዉለት።

ገንዘብና ወረቀት ባንድ ጊዜ ይለዋወጡ። የባለቤትነት ዝውውር የሚደረገው በፖስታ ቤት ወይም በመጓጓዣ ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት መኪናዋ ላይ የባንክ መያዣ ወይም እገዳ እንዳለ አረጋግጡ፤ መያዣ የሚመዘገብበት ራሻም ሃማሽኮኖት ይባላል። ይህን ያላየ ገዢ የሌላ ሰው ዕዳ አብሮ ሊገዛ ይችላል። በስልክ ብቻ ላወቃችሁት ሰው ቀብድ አትላኩ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ወጪው። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ አምስት መስመር ጻፉ፦ ብድር፣ መድን፣ ቤንዚን፣ ጥገና፣ ቴስትና የፈቃድ ክፍያ። የዓመቱን ወጪ ለአሥራ ሁለት ወር አካፍሉት። ከደመወዛችሁ የቤት ኪራይ፣ አርኖና፣ መብራት፣ ውኃና ምግብ ቀንሳችሁ የሚተርፈው ያን ካልሸፈነ፣ የምትከፍለው መኪናዋ አይደለችም፤ ሚኑሱ ነው።

መድኑም አንድ አይደለም። ቢቱዋሕ ሖቫ በሕግ ግዴታ ነው፤ የሚሸፍነው ግን የሰው አካል ጉዳት ብቻ ነው። የሌላውን ሰው መኪና ብትመቱ የሚከፍልላችሁ ጻድ ሽሊሺ ነው። የራሳችሁን መኪና ከአደጋና ከሌባ የሚሸፍነው ማኪፍ ነው። ሖቫውን ያልከፈለ ሰው መድን አለኝ ማለት አይችልም፤ ወረቀቱ የሚጸናው ሲከፈል ነው። ወጣት ልጃችሁም የሚነዳ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ መኪናዋን ከመግዛታችሁ በፊት የመድን ዋጋ ጠይቁ።

ስለ ብድርም አንድ ቃል። ባሎን የሚባል ብድር አለ። በየወሩ የሚከፈለው ትንሽ ስለሆነ ደስ ያሰኛል፤ በመጨረሻው ግን ትልቅ ገንዘብ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን ያስቀመጠ ያህል ይቆጥረው ነበር፤ ዋጋዋ አይወድቅምና። እዚህ እንዲያ አይደለም። መኪና በየዓመቱ ዋጋዋ ይወርዳል፤ ዕዳው ግን አብሮ አይወርድም።

የገቢ ማሟያ፣ ሃቭታሓት ሃኽናሳ፣ የምትቀበሉ ቤተሰቦች በተለይ ስሙኝ። ቀድሞ በነበረው ሕግ መኪና ያለው ወይም በመኪና የሚገለገል ሰው ማሟያውን በአብዛኛው ያጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያንን ሻረ። ይህ ማለት ግን አሁን ሁሉ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ የመኪናዋ ዋጋና የቤተሰቡ ሁኔታ ይታያል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ቢቱዋሕ ለኡሚ ሄዳችሁ የየትኛዋን መኪና ዋጋ፣ የየትኛውን ዓመት ሞዴል እንደምትገዙ ተናግራችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ገዝቶ መጠየቅ ከጥቅሙ ይልቅ ጸጸቱ ይበዛል።

የመጨረሻው ቃሌ ከቤቴ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ለአንድ ዘመዳችን መኪና በስሙ አስመዘገበለት። ዘመድ ነዋ፣ እንቢ ማለት አፈረ። መኪናዋን አንድ ቀን አልነዳትም። የማቆሚያ ቅጣቱ፣ የክቪሽ 6 የመንገድ ክፍያ ግን ወደ ቤታችን መጣ። ዕብራይስጥ የማነብ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ፖስታውን የምከፍት እኔ ነበርኩ። ሳይከፈል የዘገየው ቅጣት አደገ፤ በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ሆጻአ ለፖዓል ደረሰ፤ የአባቴ የባንክ ሒሳብ ታገደ። እናቴ ለሻባት የምትገዛበት አጥታ ከጎረቤት የተበደረችበትን ቀን አልረሳውም። ዘመዳችንና አባቴ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ኮሌጅ ገብቼ ይህን ሙያ የተማርኩት ከዚያ ፖስታ የተነሣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስማችሁን አታውሱ። የመንግሥት መዝገብ የሚያውቀው የተጻፈውን ስም ነው። ለዘመድ “አይሆንም” ማለት የሚከብድ ከሆነ፣ “የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ከለከለችኝ” በሉት፤ እኔ እቀየማለሁ አልልም።

መኪና የቤተሰብ አገልጋይ ናት፤ ቤተሰቡ የእሷ አገልጋይ ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። ከመግዛታችሁ በፊት በዚያች ወረቀት ላይ አምስቱን መስመሮች ጻፉ። ማስላት ከከበዳችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሠፈራችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ኑ፤ አብረን እናስላ። ገዝታችሁ ሳይሆን ሳትገዙ ኑ።

በሰላም የምትነዷት ትሁን። ሻሎም፣ ደኅና ሁኑ።