ሰዓቷ "ምትዎ ተዛብቷል" ስትል
(በዓመታዊው የቀድሞ ተማሪዎች የእራት ግብዣ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው አሥር ደቂቃ ሰጥቶኛል። የልብ ሐኪም ደግሞ በአሥር ደቂቃ መጨረስ አይሆንለትም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልያዝ። ሰሞኑን በባቻችን ቴሌግራም ላይ "ልጄ የላከችልኝ ሰዓት ምትህ ተዛብቷል ትለኛለች፣ ልመናት?" የሚል ጥያቄ በዝቷል። ሁላችንም 65ን ተሻግረናልና ጥያቄው ተገቢ ነው።

ጉዳዩ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ነው። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ደም እዚያ ጓዳ ውስጥ ሲያርፍ ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። አደጋው ችግሩ ከሌለበት ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ክፋቱ መጥቶ መሄዱ ነው። ክሊኒክ ስትደርሱ ልብ ጨዋ ይሆናል! የአሥር ሰከንድ ኢሲጂ ተነሥታችሁ "ምንም የለብዎትም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ልብን ቤቱ ድረስ ተከትሎ መቅዳት ያስፈለገው ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል፣ 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ኪስ ይገባል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአፕል ሰዓትም ኢሲጂ ታነሣለች።

ታዲያ ትታመን? ሰዓቷ ሁለት ሥራ አላት፤ አታምታቱት። አንደኛው በአረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየች ምቱን መገመት ነው። ይኼ ጥርጣሬ ነው። ሁለተኛው ጣታችሁን ጎኗ ላይ አሳርፋችሁ 30 ሰከንድ የምትቀዳው ኢሲጂ ነው፤ ለሐኪም የሚጠቅመው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ ቅዱ፣ ይዛችሁ ኑ። ከ419,000 በላይ ሰው በተሳተፈበት ጥናት፣ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው በኋላ ደረታቸው ላይ መቅጃ ከተለጠፈላቸው መካከል ችግሩ የተገኘው በ34 በመቶው ላይ ነበር። የቀሩት ነጻ ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ መጥቶ ሄዶባቸው ይሆናል።

ደረታችሁን ጨምድዶ ከያዛችሁ ሰዓቷን አትጠይቋት። ሃርት አታክን አታውቅም። ቀጥታ ሆስፒታል!

በአገራችን ነገሩ የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቭን ሲያጠብ፣ የሠላሳ ዓመት ወጣትም ይያዛል። እዚህ ላይ ውጭ ያላችሁ ስሙኝ፤ ለእንዲህ ያለ ዘመድ አዲሶቹን ክኒኖች በራሳችሁ ገዝታችሁ አትላኩ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ትልቅ ጥናት ለነዚህ ሕሙማን የቆየው ዋርፋሪን ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል። ዋርፋሪን ታዲያ ጠባይ አለው። ጾም ሲገባ ጎመን በድንገት ከበዛ መድኃኒቱ ይዳከማል። ጎመን አትብሉ አላልኩም፤ ቤቴም አያስገቡኝ! መጠኑን አታለዋውጡ፣ አይኤንአር በየጊዜው አሠሩ ነው የምለው።

ሰዓት የሌለው አይከፋው። ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች አንጓ ላይ አሳርፎ አንድ ደቂቃ ማዳመጥ ይበቃል። ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ አካሄዱን ስሙት። አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት፣ ምንም ሥርዓት የሌለው ከሆነ ኢሲጂ ተነሡ። የደም ግፊት መለኪያችሁም ምቱ ሲዛባ ምልክት ታሳይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንዱን ልኬት አትመኑ፣ ሦስቴ ለኩ።

ሁለት መሣሪያ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው ሲፈላ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ፤ መለካት የሚፈልግ ይምጣ።