በቤት ውስጥ ስለሚያድግ የሞቃት አገር ተክል አጠባበቅ

በዛሬው ንግግራችን በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ በጣሳና በሸክላ ስለምታሳድጉት ተክል ጥቂት ቃል ልንነግራችሁ እንወዳለን። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ተክል ሕይወት ያለው ፍጥረት ስለሆነ፥ ባለማወቅ ሲጠፋ ከማንም ይልቅ የሚቆጨው አሳዳጊውን ነው። ለዚህም ምስክሩ እኔው ራሴ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ፥ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጥሊሊ ከተማ ተቀምጬ ነበር። ወደዚያ ስሄድ ጅማ ትኖር የነበረችው እናቴ ሦስት የቡና ችግኞች በወተት ጣሳ አድርጋ፥ «ቡና ባለበት ቤት ሰው አይታጣም» ብላ ሰጠችኝ። እናቴ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ስላረፈች፥ ችግኞቹ ከእጇ የቀሩኝ ማስታወሻ ሆኑ። እኔም እንዳይደርቁብኝ ሠግቼ ጧትና ማታ ሳላጓድል ውሃ አጠጣቸው ጀመር። ሐምሌ ሲገባ ቅጠላቸው ከታች ወደ ላይ እየገረጣ ሄደ፤ ቆይቶም ጠወለገ። የተጠሙ መስሎኝ ውሃውን ጨመርሁ።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ ቤቴ መጥተው አንዱን ጣሳ አነሡና ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፤ አፈሩንም አሸተቱ። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ይህ ተክል ሰምጧል እንጂ አልተጠማም። የጣሳው ታቹ ድፍን አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ነቅለን ብናየው ሥሩ ጠቁሮ ላሽቋል፤ ሽታውም የረግረግ ጭቃ ሽታ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ የቤት ውስጥ ተክል ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ውሃ አንሶት ሳይሆን ውሃ በዝቶበት ነው። ሥር እንደኛው አየር ይፈልጋል፤ አየሩንም የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፥ ይበሰብሳልም። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል፥ ተክሉ በውሃ መካከል ቆሞ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል። አሳዳጊውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

አደጋው በተለይ የሚከፋው በክረምት ነው። እንደ ጥሊሊ ባለ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ አገር፥ ሰማዩ ሲደምንና አየሩ ሲቀዘቅዝ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ እጅግ ያንሳል፤ የጣሳው አፈርም ለብዙ ቀን አይደርቅም። የፈረንጆቹን ልማድ ብንመለከት ይህንኑ ያስረዳናል። ከጥሊሊ ብዙ በማይርቀው በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1770 ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፥ በአገራችን ስላየው የእንሰት ተክል እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎ ነበር። ይህ ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠሉን የምንቆርጥለት ተክል ዛሬ በአውሮፓ ለጌጥ ይተከላል። የዚያ አገር ሰዎችም ውርጭ ሲመጣ ተክሉን ወደ ቤት ያስገቡና፥ ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ውሃውን እጅግ ይቀንሱለታል። እኛ ግን በብርዱ ወራት እንደ በጋው እናጠጣለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ እንድትሉ እናሳስባችኋለን።

አንደኛ፥ የጣሳውን ታች በምስማር አራት ወይም አምስት ስፍራ ብሱት። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ማድረግ ይበቃል ይላል፤ ነገር ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ፥ ከጠጠሩ በላይ ተጠራቅሞ ይቀራል። መፍትሔው ቀዳዳው ነው። ከሥሩ ባስቀመጣችሁት ሳሕን ላይ የተጠራቀመውንም ውሃ ድፉት።

ሁለተኛ፥ ጭቃ የሚሆን አፈር ብቻውን አትጠቀሙ። ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፥ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ፥ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉበት።

ሦስተኛ፥ ውሃ ከማፍሰሳችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ድረስ ወደ አፈሩ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጡት። በቀን መቍጠሪያ አታጠጡ።

አራተኛ፥ ብርሃኑን ተመልከቱ። ቀን ላይ ያለ መብራት ጋዜጣ አጥርቶ የማይነበብበት ጥግ ለተክልም አይበቃም። ግንዱ ቀጥኖ ወደ መስኮት ካጋደለ ብርሃን አንሶታል፤ በቅጠሉ ላይ የነጣ ወይም ቡናማ ጠባሳ ከታየ ደግሞ የቀጥታ ፀሐይ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። ቡና በተፈጥሮው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ስለሆነ፥ ከመስኮት አጠገብ ሆኖ የእኩለ ቀን ፀሐይ የማይመታው ስፍራ ይስማማዋል።

አምስተኛ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሌሊቶች ተክሉን ከመስኮቱ መስተዋት አርቁት። ለማሞቅ ብላችሁ ግን በተዘጋ ክፍል ከሰል አታንድዱ፤ ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰው ይገድላልና።

ስድስተኛ፥ በቅጠሉ ብብት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ብታዩ፥ የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥ ተባይ ነው። ተክሉን ከሌሎቹ ለይታችሁ፥ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ ተባዩ እስኪጠፋም በየሳምንቱ ድገሙት። ለታመመ ተክል ግን ለበቆሎ የሚሰጠውን ዩሪያ አትጨምሩ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል።

በመጨረሻም፥ ሕፃናት ያሏችሁ ወላጆች ተጠንቀቁ። ሰፊ ቅጠሉ በነጭ የተዥጎረጎረው ዲፈንባኪያ የሚባለው ተክል ቢታኘክ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፥ ያሳብጣልም፤ ስለዚህ ሕፃን የማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ።

ከሦስቱ ችግኞቼ ሁለቱ ሞቱ። ሦስተኛውን ግን ሽማግሌው የበሰበሰውን ሥር በምላጭ ቈርጠው፥ ታቹ በተበሳ ጣሳ፥ በአዲስ አፈር ተከሉልኝና፥ «አሁን እጅህን ሰብስብ» አሉኝ። እጄን ሰበሰብሁ። ለሁለት ወር ያህል ምንም ለውጥ ሳይታይበት ቆየ፤ በጥቅምት አዲስ ቅጠል አወጣ፤ በአራተኛው ዓመት ነጭ አበባ አበበ። ሽታው ቤቱን በሞላው ጊዜ እናቴን አሰብሁ፤ ደግሞም ፍቅሬ ሳይጎድል እውቀቴ በመጉደሉ የሞቱትን ሁለቱን።

እናንተም፥ አድማጮቻችን፥ ነገ ጧት የውሃ ማጠጫውን ከማንሣታችሁ በፊት አፈሩን በጣታችሁ ጠይቁት።